ቋንቋ ለማሰብ ነው ወይስ ለመነጋገር?

ሰው ከእንስሳ የሚለየው በቋንቋው ነው ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገር ግን ቋንቋ በመሠረቱ የሚያገለግለው ለምን ጉዳይ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አንዳንዶች፥ «ቋንቋ ለሰው የተሰጠው ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያስብበት ነው፤ ያሰበውን ለሌላ መንገሩ በኋላ የመጣ ትርፍ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ «የለም፤ ቋንቋ ሰው ከሰው ጋራ የሚግባባበት መሣሪያ ነው፤ ማሰብማ ያለ ቋንቋም ይቻላል» ብለው ይከራከራሉ።

ውድ አንባቢዎች ሆይ! ይህ ክርክር የሊቃውንት ብቻ ነው ብላችሁ ገጹን ገልጣችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ክርክሩ በቅርብ የሚነካው እኛን ተማሪዎችን ነው። ለምን ቢባል፥ እኛ በየቀኑ ከጧት ጀምሮ ተቀምጠን የምንማረው በቤታችንም ሆነ በጨዋታ ሜዳ በማንነጋገርበት ቋንቋ ነውና። እኔ በበኩሌ ቋንቋ በመሠረቱ ለመነጋገር ነው፤ ለማሰብ የሚረዳንም አስቀድመን ከሰው ጋራ ስለ ተነጋገርንበት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህም እውነት ከሆነ በትምህርት ቤታችን ሊለወጥ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ምክንያቴን በተራ አቀርባለሁ። የውጭ አገር ታሪክ በምጠቅስበት ጊዜ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን በምጠቅስበት ጊዜ ግን እንደ እኛው አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።

በመጀመሪያ የማልስማማበትን ወገን ቃል በቅንነት ላቅርብ። ቋንቋ ለማሰብ ነው የሚለው አስተያየት እጅግ የቆየ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን፥ ማሰብ ማለት ነፍስ ድምፅ ሳታሰማ ከራሷ ጋራ የምታደርገው ንግግር ነው ብሎ ጽፏል። በቅርቡ ዘመንም አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ፥ ቋንቋ በመሠረቱ የአሳብ መሣሪያ እንደ ሆነና በድምፅ ወይም በምልክት ወደ ውጭ መውጣቱ ሁለተኛ ነገር እንደ ሆነ በብዙ መጻሕፍቱ አስረድቷል። ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ሰው ቋንቋን አብዝቶ የሚጠቀምበት በአፉ ሲናገር ሳይሆን በውስጡ ለራሱ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው የሚል ነው። እውነትም ማናችንም ብንሆን መንገድ ስንሄድም ሆነ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣን በልባችን ያለማቋረጥ ስንናገር እንገኛለን።

ለዚህ አስተያየት በራሳችን ቋንቋም ውስጥ ምስክር የሚገኝ ይመስላል። አንድ አማርኛ ተናጋሪ፥ «ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ ያዝሁ» ቢል፥ ይህን ያለው ለማን ነው? ለማንም አልተናገረም፤ በልቡ አሰበ እንጂ። «ይሻለኛል ብላ ሐኪም ቤት ሄደች»፥ «ወንድሜ ነው ብሎ አቀፈው» በምንልበት ጊዜ ሁሉ «ብሎ» እና «ብላ» የሚሉት ቃላት ከ«አለ» የወጡ ሆነው ሳሉ የሚያመለክቱት ግን ያልተነገረውን አሳብ ነው። እንደዚሁም «ነገር» የሚለው ቃል «ነገረ» ከሚለው ግሥ ጋራ ዘሩ አንድ ሲሆን፥ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም ጉዳይ እንጠራበታለን።

ነገር ግን ይህ ምስክር በጥንቃቄ ሲመረመር ለተቃራኒው ወገን የቆመ ሆኖ ይገኛል። አማርኛ የመናገርን ቃል ለማሰብ አበደረ እንጂ የማሰብን ቃል ለመናገር አላበደረም። አባቶቻችን በሰው ልብ ውስጥ የሚሆነውን የማይታይ ነገር ለመግለጽ ሲፈልጉ፥ በዐይን የሚታየውንና በጆሮ የሚሰማውን የሁለት ሰዎች ንግግር ምሳሌ አደረጉት። እንግዲህ በቋንቋችን መሠረት ንግግር ታላቅ ወንድም፥ አሳብ ደግሞ የታላቁን ልብስ የለበሰ ታናሽ ነው ማለት ይቻላል።

የቃላት ዘር ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ሐኪሞችና ወደ ተመራማሪዎች ሥራ እንለፍ። ቋንቋ ከሌለ ማሰብ አይቻልም የሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ፥ በሕመም ምክንያት ቋንቋውን ያጣ ሰው አሳቡንም አብሮ ባጣ ነበር። የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። በ1861 ፖል ብሮካ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም፥ «ታን» ከምትል አንዲት ድምፅ በቀር ሌላ ቃል ለማውጣት የማይችል በሽተኛ መረመረ። ይህ ሰው የሚባለውን የሚሰማ፥ በእጁ ምልክት የሚመልስ፥ ቁጥርንም በጣቶቹ የሚያሳይ ነበር። ከሞተም በኋላ አንጎሉ ሲመረመር በግራ በኩል በፊተኛው ክፍል ጉዳት እንደ ነበረበት ታወቀ።

ሌላም ምሳሌ አለ። የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ቪሳርዮን ሼባሊን በ1953 እና በ1959 በአንጎሉ ላይ ስትሮክ ደረሰበት። ከዚህም የተነሣ መናገርም ሆነ ሰው የሚናገረውን መረዳት እጅግ አስቸገረው። ዳሩ ግን ሙዚቃ መድረሱን አልተወም፤ ከመሞቱ በፊትም በ1962 አምስተኛውን ሲንፎኒውን ፈጸመ። ሲንፎኒ መድረስ ማለት የብዙ መሣሪያዎችን ድምፅ በልቡና ይዞ፥ መጀመሪያውን ከመጨረሻው ጋራ አስማምቶ መሥራት ስለ ሆነ፥ ያለ ጥልቅ አሳብ የሚሠራ ነው የሚል ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

በዘመናችንም ሰው በሕይወቱ ሳለ አንጎሉ ሲሠራ የሚታይበት መሣሪያ ተገኝቷል። በዚሁ መሣሪያ የተደረገው ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ ሰው የሒሳብ ጥያቄ ሲሠራ ወይም ሌላ እንቆቅልሽ ሲፈታ፥ ቋንቋን ለመረዳትና ለመናገር የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። ቋንቋቸውን ፈጽመው ያጡ ሰዎች ሒሳብ ሲሠሩና ቼዝ ሲጫወቱም ታይተዋል። ኤቬሊና ፌዶሬንኮ፥ ስቲቨን ፒያንታዶሲና ኤድዋርድ ጊብሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ይህን የመሰለውን ማስረጃ ሰብስበው፥ ቋንቋ በመሠረቱ የመግባቢያ እንጂ የማሰቢያ መሣሪያ አይደለም ሲሉ ደምድመዋል። ከምክንያቶቻቸው አንዱ የቋንቋዎች አሠራር ራሱ ለመነጋገር የተመቸ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል በየትም አገር አዘውትረው የሚነገሩት ቃላት አጫጭር ሆነው ይገኛሉ። እኛም «ነው»፥ «ግን»፥ «ወደ»፥ «ምን» የምንላቸውን በየደቂቃው የምንጠራቸውን ቃላት ብንመለከት፥ የተናጋሪው ምላስ እንዳይደክም የሰማዩም ጆሮ እንዳይሰለች ሆነው የተሠሩ ይመስላሉ።

ይህን ለማመን ወደ ውጭ አገር መሄድም አያስፈልግም። የሸማኔውን እጅ ተመልከቱ። የጥለቱን አበባ ከክር ቁጥር ጋራ አስማምቶ ሲሠራ ቃል አይናገርም፤ ምን እንደሚያስብ ንገረን ብንለውም ከሥራው በቀር በአፉ ሊያስረዳን ይቸገራል። ገበጣ ተጫዋቹም ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የት እንደሚያልቅ በዐይኑ ይጨርሰዋል። ያለ ቋንቋ የሚታሰብ ብዙ አሳብ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ቋንቋ ለማሰብ ምንም አይጠቅምም እንበልን? እንዲህስ አይደለም። የጥያቄው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሩሲያው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፥ በሞተበት ዓመት በ1934 በታተመው መጽሐፉ፥ ሕፃን ልጅ አስቀድሞ የሚናገረው ከሌሎች ጋራ እንደ ሆነ ገለጸ። ትንሽ ከፍ ሲል ብቻውን ሲጫወት ድምፁን አሰምቶ ለራሱ ይናገራል፤ «አሁን ይህን እዚህ አደርጋለሁ፤ እንዳይወድቅ» ይላል። በኋላም ያ ንግግር እየቀነሰ ወደ ውስጥ ይገባና ድምፅ የሌለው የልብ ንግግር ይሆናል። ታናናሽ እኅቶችና ወንድሞች ያሉን ሁሉ ይህን በየቤታችን እናየዋለን። እንግዲህ ፕላቶን የተናገረው የነፍስ ንግግር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ነፍስ ከራሷ ጋራ መነጋገርን የተማረችው ከእናት፥ ከአባትና ከጓደኛ ጋራ ስትነጋገር ቆይታ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የተገኘው በመካከለኛው አሜሪካ ባለችው በኒካራጓ ነው። በዚያች አገር መስማት የተሳናቸው ልጆች ቀድሞ በየቤታቸው ተለያይተው ይኖሩ ስለ ነበር የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። በ1977 በዋና ከተማዪቱ በማናጓ ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸው መሰብሰብ ጀመሩ። መምህራኑ የከንፈርን እንቅስቃሴ እያሳዩ ስፓንኛ ሊያስተምሯቸው ቢደክሙም ብዙ አልተሳካላቸውም። ልጆቹ ግን በግቢ ውስጥና በአውቶቡስ እርስ በርሳቸው በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ፥ ማንም ያላስተማራቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ ተወለደ። በኋላ የመጡት ታናናሾቹም ይበልጥ አበለጸጉት።

ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ያወጡት ጥናት እንደሚለው፥ ቀድመው የገቡት ታላላቆቹ «አሰበ»፥ «ዐወቀ» ለሚሉት ቃላት የሚሆን ምልክት እምብዛም አልነበራቸውም። አንድ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ሲሄድ ሌላው መጥቶ ቢያነሣበት፥ ባለቤቱ ሲመለስ የት ይፈልገዋል ተብለው ሲጠየቁ፥ ሰውየው ሳያውቅ ተሳስቶ እንደሚፈልግ መገመት ያስቸግራቸው ነበር። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ግን ከታናናሾቹ ጋራ እየተገናኙ እነዚያን ምልክቶች በለመዱ ጊዜ መልሱን ለማግኘት ቻሉ። ዕድሜያቸው የሙሉ ሰው ሆኖ ሳለ የሌላውን ሰው አሳብ ለማሰብ የረዳቸው ከሌላ ሰው የተማሩት ቃል ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ቋንቋ የሚወለደው ሰዎች የሚነጋገሩት ሰው ሲያገኙ ነው። ሁለተኛው፥ በንግግር የተገኘው ቋንቋ ተመልሶ ለአሳብ አዲስ በር ይከፍታል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም። ያልተነጋገሩበት ቋንቋ ለማሰብ አይረዳም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ጉዳይ እመለሳለሁ። በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የማስተማሪያ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከጣልያን ወረራ በፊት ፈረንሳይኛ ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ተተካ። በ1950ዎቹ ዓመታት አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ፥ የሁለተኛ ደረጃውና ከዚያ በላይ ያለው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ዛሬም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በዚሁ ዓይነት ነው።

ታዲያ በክፍላችን ውስጥ ምን ይታያል? መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ እኛም በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። «ጥያቄ ያለው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ክፍሉ እንደ ሌሊት ጸጥ ይላል። ጸጥታው ሁሉም ገባው ማለት አይደለም። ጥያቄ ያለው ተማሪ አስቀድሞ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ አለበት፤ ለውጦ ሳይጨርስ ደወሉ ይደወላል። የሚያስደንቀው ግን ደወል ከተደወለ በኋላ ያለው ነው። በየወንበሩ «ምን ማለታቸው ነው?» የሚለው ጥያቄ ይፈላል።

አንድ ጊዜ በባዮሎጂ ክፍል ተክል ምግቡን በፀሐይ ብርሃን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ተማርን። ፎቶሲንተሲስ የሚባለውን ቃል ከነትርጉሙ አብዛኛው ተማሪ ሳያዛንፍ በቃሉ ይዞት ነበር። በዕረፍት ሰዓት ግን አንዱ ጓደኛችን በግቢያችን የቆመውን ባሕር ዛፍ እያሳየ በአማርኛ፥ «ይህ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀን። «ከአፈር ነዋ!» ብለን የመለስን ብዙዎች ነበርን። እሱም፥ «ከአፈር ከመጣ ታዲያ ከሥሩ ያለው መሬት ለምን ጉድጓድ አልሆነም?» አለ። በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዲት ተማሪ ደብተሯን ገልጣ፥ በቃላችን የያዝነው ትርጉም ራሱ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይወስዳል፥ ውሃ ይጨምርበታል እንደሚል አሳየችን። እንጨቱ አብዛኛው ከአየርና ከውሃ የተሠራ መሆኑን፥ ከአፈር የሚወስደው ጥቂት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ቃሉ ከአንድ ሳምንት በፊት በደብተራችን ተጽፎ ነበር፤ አሳቡ ግን የመጣው ስንነጋገር ነው።

ሽምደዳ የምንለው በሽታ ሥሩ እዚህ ይመስለኛል። ተማሪው ሰነፍ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም የሚሸመድደው፤ የሚያከራክረው ቋንቋ ስላልተፈቀደለት ጭምር ነው። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው ብዬ አልናገርም፤ የመጻሕፍት ማነስ፥ የክፍል መጣበብ፥ የኮቪድ ወረርሽኝና ጦርነት ያደረሱት ጉዳት ይታወቃል። ነገር ግን በማንነጋገርበት ቋንቋ ተምሮ በዚያው መፈተን ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም የሚል ሰው ካለ፥ አንድ ቀን መጥቶ በመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ከእኛ ጋራ ይቀመጥ።

ይህ ችግር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንግዳ አይደለም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማሩት በግእዝ ነው። ግእዝ ደግሞ በቤት የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበረም። በንባብ ቤት ልጁ ዳዊትን ትርጉሙን ሳያውቅ ይደግማል፤ ነገር ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ አያልቅም። በቅኔ ቤት የግእዙን ግሥ ከነአማርኛ ፍቺው ይማራል። ከዚያም ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ብቻውን ያሰበው በሰው ፊት ተነግሮ ካልታረመ ቅኔ አይባልለትም። በመጻሕፍት ቤትም መምህሩ የሚተረጉሙት ጽሑፍ ግእዝ ሲሆን ትርጓሜው በአማርኛ ነው፤ «አንድም» እያሉ ያንኑ ቃል በልዩ ልዩ መንገድ ያፍታቱታል።

ሊቃውንቱ ግእዝን አልናቁትም፤ ይልቁንም ጠብቀው ለዛሬ አደረሱት። የጠበቁትም የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ከጉባኤው በማባረር ሳይሆን የግእዙ አስረጂ በማድረግ ነው። እንግዲህ የእኛ ግእዝ ዛሬ እንግሊዝኛ ከሆነ፥ «አንድም» የሚለን ለምን ይጠፋል?

አንዳንድ ሰዎች የሚያቀርቡትን ተቃውሞ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው፥ «እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ነው፤ በክፍል ውስጥ ሌላ ቋንቋ ከተፈቀደ ልጆቹ እንግሊዝኛ ያጣሉ» የሚል ነው። እንግሊዝኛ የሚያስፈልገን መሆኑን አልክድም፤ የዓለም ሳይንስ አብዛኛው የሚጻፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን በናይጄሪያ በኢፌ ከተማ በ1970 የተጀመረው ሙከራ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት መሆኑን ያሳያል። በዚያ አንዳንድ ልጆች የአንደኛ ደረጃን ስድስቱን ዓመት በሙሉ በዮሩባ ሲማሩ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ተማሩ። ሌሎቹ ግን እንደ ተለመደው ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። በመጨረሻ ሲመዘኑ በዮሩባ የተማሩት በትምህርታቸው በልጠው ተገኙ፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ወደ ኋላ አልቀሩም። አሳቡ የገባው ልጅ ቃሉን ለመያዝ አይቸገርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «አማርኛ የሳይንስ ቃል የለውም» የሚል ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ኤሌክትሪክ፥ ቫይታሚን፥ ኦክሲጅን የሚሉትን ቃላት ተቀብለን በየቀኑ እንናገርባቸዋለን፤ ቃል መበደር ነውር አይደለም፥ እንግሊዝኛም ከላቲንና ከግሪክ ተበድሯል። ቃል የሚገኘው ደግሞ በቃሉ የሚነጋገር ሰው ሲኖር ነው። የማናጓ ልጆች መዝገበ ቃላት እስኪታተምላቸው አልጠበቁም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ በትሕትና እመልሰዋለሁ። «በክፍላችሁ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ጉራግኛ፥ ሲዳምኛ በቤታቸው የሚነጋገሩ ጓደኞች አሉን። እኔ አማርኛ ይፈቀድልኝ ብዬ ለራሴ ብቻ ብለምን ኖሮ ልመናዬ ፍትሕ የጎደለው ይሆን ነበር። የምለምነው እያንዳንዱ ተማሪ በሚያስብበት ቋንቋ ከጓደኛው ጋራ እንዲማከር ነው። ሁለት ኦሮምኛ ተናጋሪዎች የፊዚክስ ጥያቄ በኦሮምኛ ቢከራከሩበት ማን ይጎዳል? ሁላችንም መልሱን አብረን በእንግሊዝኛ ብንጽፈው ሁላችንም እንጠቀማለን።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን ሆይ! የድካማችሁን ብዛት እናውቃለን፤ ብዙዎቻችሁም ተማሪው ሲጨነቅ ባያችሁ ጊዜ በአማርኛ እንደምታስረዱን አንዘነጋም። ይህ በችኮላና በድብቅ እንደሚሠራ ነገር መሆኑ ቀርቶ በይፋ ይሁንልን። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ለ«አንድም» ትለቀቅልን። በዚያች አሥር ደቂቃ ተማሪው በፈለገው ቋንቋ ይጠይቅ፥ ይከራከር፥ የተማረውን በራሱ ቃል ለጓደኛው ያስረዳ፤ ከዚያም የተስማማንበትን በእንግሊዝኛ እንጻፈው። በራሱ ቃል ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ገና እንዳልገባው መምህሩ ያን ጊዜ ያያሉ፤ ፈተና እስኪደርስ አይጠብቁም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ! ቋንቋ ለመነጋገር ከሆነ እንግሊዝኛም የእኛ የሚሆነው ስንነጋገርበት ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ደፍሮ በእንግሊዝኛ ሲናገር ቢሳሳት የሚስቁ አሉ። ያ ሳቅ ከብዙ ሰው አፍ ቋንቋ ሲያስወጣ ይኖራል። የሚስቀውም ሆነ የሚሳቅበት ዝም ካለ በኋላ ከእንግሊዝኛው የሚቀረው ደብተር ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተሰብስበን፥ ማንም ማንንም ሳይስቅበት፥ ስለ እግር ኳስም ይሁን ስለ ሌላ ጨዋታ በእንግሊዝኛ ብቻ ብንነጋገር፥ በፈተና ጊዜ ያ ቋንቋ ባዕድ አይሆንብንም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ! ከእናንተ መካከል ለልጃቸው ተስፋ ሲሉ በቤት ውስጥ በአገር ቋንቋ እንዳይናገር የሚከለክሉ እንዳሉ እንሰማለን። አሳባችሁ የመልካም ወላጅ አሳብ ነው። ነገር ግን ልጁ ከእናንተ ጋራ ተነጋግሮ ያላገኘውን አሳብ ከቴሌቪዥን አያገኘውም። ከአያቱ ጋራ ተረት የማይለዋወጥ፥ ከአባቱ ጋራ በልቡ ያለውን ሁሉ የማይጫወት ልጅ፥ ሁለት ቋንቋ ያወቀ ይመስላል እንጂ ሙሉ ንግግር የሚያደርግበት አንድም ቋንቋ አይኖረውም። ማታ ማታ፥ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብላችሁ በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቁት፤ እስኪያስረዳችሁም ታገሡት። እናንተ ፊዚክስ ባትማሩም፥ እርሱ ለእናንተ ለማስረዳት ሲደክም ፊዚክሱ ለራሱ ይገባዋል።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። በእኔ አስተያየት በባዕድ ቋንቋ ትርጉም በቃል ይዞ መውጣት መጠምጠም ነው፤ መማር ግን ያሰቡትን ለሰው ተናግሮ፥ ሰው ሲቃወም ሰምቶ፥ ተመልሶ ማሰብ ነው። ቋንቋ የተሰጠን ለዚሁ ነው። በዚህ የማይስማማ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ በሚመቸው ቋንቋ ይጻፍልን፥ ወይም በግቢው ውስጥ አግኝቶ ይከራከረኝ።